የጋሽዬ ክልክሎች

ጥር 6

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሽዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ተራራ ላይ ባለው የአየር ጠባይ ጣቢያችን ነፋሱ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፤ በዚህ ሳምንት የዝናብ መለኪያዬን ሁለት ጊዜ ገልብጦብኛል።

«ማን ነገረሽ?» ላልከው፣ ሌላ ማን ይሆናል? መቀስ ነዋ! ከሱቅህ ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፋ፣ አፉም እንደ እጁ የማያርፍ ጎረቤት ይዘህ ምስጢር እደብቃለሁ ማለትህ ይገርመኛል። በርህ ላይ የለጠፍከውን ወረቀት ቃል በቃል ገልብጦ ልኮልኛል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋ።

ከአንድ ሰው በላይ መግባት ክልክል ነው። የማሽንዎን ሕመም በቃል መናገር ክልክል ነው፣ በወረቀት ይጻፉ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካልሆነ ሌላ ቦታ መቆም ክልክል ነው። በስልክ አናስተናግድም። ማሽን እየሠራ ማውራት ክልክል ነው። መቼ ያልቃል ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፣ ቀኑ ደረሰኙ ላይ አለ። መብራት ከጠፋ ሱቁ ዝግ ነው። ጋሽዬ፣ ይሄ የስፌት ማሽን መጠገኛ ነው ወይስ እስር ቤት? የአንተ መፍቻ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በመብራት መሥራት የጀመረው?

እኔ የማውቀው ሱቅ ሌላ ነበር። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያደግኩት እዚያ ባንኮኒ ሥር ነው። ማሽኑ ያልተበላሸበት ሰው ሳይቀር ለወሬ ይመጣ ነበር፤ ወንበር ስበህ የምታስቀምጠው አንተው ነበርክ። መቀስ እንደሚለው አሁን ሰው በርህ ላይ ቆሞ ያነብና ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

ሌላው ስልኩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተራራው ወርጄ እደውላለሁ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ምን ሆነሃል? ሱቁን የሚያከራዩህ ባለፎቋ ወይዘሮስ እንዴት ናቸው? እሳቸውንም በወረቀት ነው የምታናግራቸው?

የምትወድህ እህትህ

ጥር 21

ለደመና ቆጣሪዋ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ተራራ ጫፍ ድረስ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ስልኩ ተበላሽቷል። አዎ፣ ዕድሜ ልኩን ብረት ሲጠግን የኖረ ሰው የገዛ ስልኩ አቃተው፤ ሳቂ።

በአንድ ወረቀት ይህን ያህል ትቆጫለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንድ ሰው ብቻ ይግባ ያልኩት ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ነው። ድሮ ስምንት ሆነን ተቀምጠንበታል ትይኝ ይሆናል፤ ያኔ ሁላችንም ቀጫጭን ነበርን። በወረቀት ይጻፉ ያልኩት ደግሞ ሰው ሲያወራ ስለሚዋሽ ነው። «እኔ ምንም አልነካሁትም፣ ዝም ብሎ ቆመ» ይሉኛል። ሲጽፉ ግን እጃቸው ያፍራል፣ «ልጄ ማንኪያ ከተተበት» ብለው እውነቱን ያወጡታል። መብራት ሲጠፋ የምዘጋው ዓይኔን ለማዳን ነው። ለእያንዳንዱ ምክንያት አለኝ፤ ለመቀስም ንገሪው፣ ምክንያቶቹንም ይገልብጥልሽ።

ደንበኛን እንደ ንጉሥ አስተናግድ ልትይኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ንጉሥ ከሆነ ታዲያ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ይቀመጥልኛ፤ እዚህ የሚመጣው ምን ሊሠራ ነው?

ደግሞ ከመቀስ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ፣ ስምንተኛ ጨምሬያለሁ። «ከጀርባ መጥራት ክልክል ነው» ይላል። ለምን እንደጨመርኩት አትጠይቂኝ።

ባለፎቋ ወይዘሮ ደህና ናቸው። ከራሴ በላይ ያለው የስፌት ክፍላቸውም ሥራ በዝቶበት ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል ይሉኛል። ሹራብሽን ልበሺ፤ እዚያ ብርድ ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 5

ጋሽዬ፣

ሰላምታውን ለመጨረሻ ላቆየው፤ ዛሬ አልተረጋጋሁም።

አልዋሽህም፣ መቀስ እንደገና ጽፎልኛል። ባለፎቋ ወይዘሮ እንግዶች አስከትለው ሱቅህ በር ላይ ቆሙ፣ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ መዘውር ታሽከረክር ነበር፣ ሦስት ጊዜ በስምህ ጠርተው ሰላም አሉህ፣ ዘወር እንኳ አላልክም። በእንግዶቻቸው ፊት ተዋርደው ተመለሱ። በማግስቱ እስከ መጋቢት ሠላሳ ሱቁን ልቀቅ የሚል ደብዳቤ ደረሰህ። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራህበትን ሱቅ! ለእኔ ግን «ደህና ናቸው» ብለህ ጻፍክልኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ተናድጄብህ ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራዬ አዳነኝ። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን ለየብቻ እመዘግብና ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ነገር ምንድን ነው እላለሁ። ደንቦችህንም እንደዚያ አደረግኳቸው። አንድ ሰው ብቻ ይግባ። ይጻፍ። ብርሃን ላይ፣ ፊት ለፊት ይቁም። ስልክ የለም። ማሽን እየዞረ ወሬ የለም። መብራት ከሌለ ሱቅ የለም። ከጀርባ መጥራት የለም። ራስህ ላይ የሚጮኸውን የስፌት ክፍል እንኳ «ይጮኻል ይሉኛል» ብለህ ነው የጻፍክልኝ። 

ጋሽዬ፣ ጆሮህ መስማት አቁሟል?

ባለፈው ዓመት ስመጣ ወጥ ቤት ሆኜ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ሕይወቴ ሁሉ ሳወራህ ዝም ብለህ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ወሬዬ የማይረባ ሆኖብህ መስሎኝ ተቀይሜህ ተመለስኩ። ስምንት ወር ቂም ይዤብህ ነበር። እባክህ ይቅር በለኝ። ካልሆነም አልሆነም በለኝና እኔን ስቀህብኝ ይብቃ። ከሆነ ግን ከእኔ አትደብቀው። ጭንቅላቴን አበጥረህ ትምህርት ቤት የላክኸኝ አንተ ነህ፤ ከእኔ የምታፍረው ምን አለ?

አሁን ሰላምታው፦ እንደምን አለህልኝ፣ የኔ ጌታ?

እህትህ

የካቲት 20

እህቴ፣

አዎ።

ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ አምስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

መጀመሪያ የግራው ነበር፣ ካቻምና። በቀኜ ስተኛ የደወል ሰዓቱ እንደማያነቃኝ አወቅኩ። ከዚያ ቀኙ ተከተለ። ሐኪሙ ነርቩ ደክሟል አለኝ፣ እሱም በወረቀት ጽፎ። የጆሮ መሣሪያ አድርጎልኝ ነበር፤ ጫጫታውን አጎላው እንጂ ቃሉን አላጠራልኝም። የሰው አፍ ማንበብ ለምጃለሁ፣ ሰውየው አንድ ከሆነ፣ ብርሃን ላይ ከቆመና ወደ እኔ ካየ። ደንቦቹ እነሱው ናቸው፤ አንቺ ደርሰሽበታል።

ሥራዬን ግን አልነካብኝም። መዳፌን ማሽኑ ላይ አሳርፌ መዘውሩን ስገፋ የቱ ጥርስ እንደላላ፣ የቱ ቦታ ዘይት እንደጠማው አውቀዋለሁ። ጆሮ በነበረኝ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላውቅም ነበር። ግን ማን ያምነኛል? ሰው ማሽኑን ሲያመጣ መጀመሪያ የሚለኝ «እስቲ ስማው፣ እንዴት እንደሚንቋቋ» ነው። ክፉ መካኒክ ከተባልኩ ሰው እያጉረመረመም ቢሆን ማሽኑን ይሰጠኛል። ደንቆሮ መካኒክ ከተባልኩ ማን ይሰጠኛል? አስቤበት ነው ክፉነቱን የመረጥኩት።

ይቅር በለኝ ያልሽውን አንብቤ አለቀስኩ። ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ሽንኩርቱን የላጥኩት ፊቴን ለመደበቅ ነበር። ስታወሪ አፍሽን እያየሁ ግማሹን ያዝኩ፣ ግማሹ አመለጠኝ፤ ድገሚልኝ ማለት አቃተኝ።

ያ የሚጻፈው ወረቀት ደግሞ ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። ሰው እርሳስ ሲይዝ ስለ ማሽኑ ብቻ አይጽፍም። ፎቅ ላይ ያለው የስፌት ክፍል ኃላፊ አንዴ «ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ፤ እኔም ሰሞኑን ልበጠስ ነው» ብላ ጻፈች። ከወረቀቱ ጀርባ «ክሩን እናላላዋለን፣ ለአንቺ እሑድ ዕረፍት ታዟል» ብዬ መለስኩላት። አሁን በሳምንት ሁለቴ በበሩ ሥር ወረቀት ትጥልልኛለች። እሷም ብትሆን እንደማልሰማ አታውቅም፤ ጭምት ሰው ነው ብላ ነው የምታስበኝ።

አደራሽን ለማንም አትንገሪ። በተለይ ለመቀስ።

ወንድምሽ

መጋቢት 2

ለጋሽዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ በአንድ መኪና ደረሱኝ፤ ረጅሙም፣ በማግስቱ የጻፍከው አጭሩም።

ለማንም አልተናገርኩም። መቀስ ሦስት ጥያቄ ጽፎልኝ ስለ አየሩ ሁኔታ መልሼለታለሁ።

አሁን ለአጭሩ ልመልስልህ። እዚህ ጣቢያ ባዶ ክፍል አለ ወይ? አለ። መስኮቱ ወደ ሸለቆው ያያል፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ አልጋውም ደህና ነው። ግን አልሰጥህም። ለሁለት ቀን እንግድነት ና፣ አልጋዬን ለቅቄ መሬት እተኛለሁ። ሸሽተህ ከሆነ የምትመጣው ግን በሩን እዘጋብሃለሁ፤ እኔም ክልክል መለጠፍ አላቅተኝም። የአንተ እጅ እዚህ የእኔን ድንች ሲልጥ ማየት አልፈልግም።

ስትፈራ ይገባኛል። ፍርሃትህንም አላቃልለውም። ወይዘሮዋ እውነቱን አውቀው «እንግዲያው ውጣ» ቢሉህ ልብህ ይሰበራል፤ አሁን ግን «ባለጌ ነው» ብለው እያስወጡህ ነው። ይሄኛው ይሻላል ያለህ ማን ነው? እኔ እንዳልነግራቸው በአደራ አስረኸኛል፣ እሺ። አንተው ንገራቸው።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ተተኪ ሳይመጣ አትወርጂም አሉኝ። እስከ ሠላሳ አልደርስልህም። ብቻህን ነህ ማለት ነው። ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያግዝህ እኔን አሳድገህ ሱቅ ያቆምክ ሰው መሆንህንም አልረሳሁም።

እህትህ

መጋቢት 19

ክፍል ለነፈገችኝ ለክፉዋ እህቴ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ቆመሽ ማንበብ ክልክል ነው።

ፎቅ ላይ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ የተደረደሩ አሥራ ሁለት ማሽኖች እንዳሉ ታውቂያለሽ። የተማሪ ዩኒፎርም የማስረከቢያ ቀናቸው ደርሶ ሳለ ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ ክር ይበጥሱ፣ ስፌት ይዘሉ ጀመር። ወይዘሮዋ ከትልቁ ድርጅት ባለሙያ አስመጡ። ሻንጣውን ከፍቶ «ጸጥታ እፈልጋለሁ» አለ፣ ሁሉንም አስቆመ፣ አንዱን ብቻ እያስነሳ አዳመጠ። አንድ በአንድ ሲሞከሩ ሁሉም ጤነኛ ናቸው። ሁለት ቀን አዳምጦ «አርጅተዋል፣ አዲስ ይግዙ» ብሎ ፈረደ።

በዚያን ቀን ረፋድ ላይ ኃላፊዋ ወረቀት ጣለችልኝ። «ወይዘሮዋ እሱን አልጠራውም ብለዋል። እኔ ግን እየጠራሁህ ነው። ና» ይላል። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ወደ ፎቅ ካልወጣሁ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ሱቁን እለቃለሁ፣ ከወጣሁ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጋለጣለሁ። መሄጃ ቢኖረኝ እሄድ ነበር፤ አንቺ ዘግተሽብኛል። ወጣሁ።

ወይዘሮዋ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ለኃላፊዋ «አሥራ ሁለቱንም በአንዴ አስነሽልኝ» አልኳት። ባለሙያው ሳቀ። «በዚህ ጩኸት ውስጥ ምን ሊሰማ ነው?» ሲል ከአፉ አነበብኩት። እውነቱን ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ምንም አይሰማም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው እኩል ሆንኩ፤ ልዩነቱ እነሱ ተቸግረዋል፣ እኔ ለምጄዋለሁ።

ጫማዬን አወለቅኩ። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ። ሰባተኛው ማሽን ዘንድ ስደርስ ጠረጴዛው እጄን መታኝ፣ ወለሉም ከሥሬ ሸሸ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የወለሉ ጣውላ ሰርጎ አንዱ የጠረጴዛው እግር አየር ላይ ቀርቷል። አንድ ማሽን ብቻውን ሲሠራ ጠረጴዛውን ለማናወጥ አቅም የለውም፤ አሥራ ሁለቱ ሲሮጡ ግን ጠረጴዛው ይዘላል፣ መርፌውም ክሩን ይስታል። የታመመው ጠረጴዛው ነው! ባለሙያው ለጆሮው ብሎ ማሽኖቹን ባስቆመ ቁጥር በሽታውንም አብሮ ያስቆመው ነበር። ከአሮጌ ቀበቶ አንድ ቁራጭ ቆርጬ እግሩ ሥር አስገባሁ፣ ጣውላውን በሁለት ብሎን አሰርኩ። ማሽኖቹ ግማሽ ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይላቸው ሠሩ። አንድም ክር አልተበጠሰም።

ሰፊዎቹ ሴቶች ሲያጨበጭቡ እጃቸውን አየሁ። ኃላፊዋ ደግሞ ወደ ኋላዬ ጠቆመችኝ። ዘወር ስል ወይዘሮዋ ቆመው ያወሩኛል፤ ለካ ከጀርባዬ ሆነው ሲያናግሩኝ ቆይተዋል፣ ፊታቸው እንደገና መቆጣት ጀምሯል።

ያኔ ተናገርኩት። «ወይዘሮ፣ እኔ አልሰማም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያን ዕለት ሰላምታዎን የናቅኩት መስሎዎታል፤ አልሰማሁትም። ሱቁን ከፈለጉ ይውሰዱት፣ ባለጌ ነው ብለው ግን አይውሰዱብኝ።» ምን ያህል ጮኼ እንደተናገርኩ አላውቅም። አሥራ ሁለቱም ማሽኖች ቆመው ነበር።

 ወይዘሮዋ ዞረው መጥተው መስኮቱ ዘንድ፣ ፊት ለፊቴ፣ ብርሃኑ ላይ ቆሙ። ቀስ ብለው «እንደምን ዋልክ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አልኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእኔን አልነግርሽም። ከኃላፊዋ እርሳስ ተቀብለው «ያን ደብዳቤ ቅደደው» ብለው ጻፉልኝ። እኔም ጊዜውን አላሳለፍኩትም፣ «አዲስ ውልስ?» አልኳቸው። የአምስት ዓመት ውል ኪሴ ውስጥ ነው።

አሸነፍን፣ እህቴ።

ወንድምሽ

መጋቢት 29

ጋሽዬ! ጋሽዬ! ጋሽዬ!

አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው እስኪለኝ ድረስ ጣሪያው ላይ ወጥቼ እልል አልኩ። ደብዳቤህን ለሾፌሩም ለጠባቂውም አንብቤላቸዋለሁ። ሾፌሩ ጫማህን ያወለቅክበት ላይ ስደርስ የራሱን አወለቀ። ኮርቼብሃለሁ፤ ይህን ፊት ለፊትህ ቆሜ ብርሃን ላይ እስክነግርህ በወረቀት ያዘው።

ክልክሎቹን ግን አሁን አንሳቸው። የምትፈልገውን ነገር ያለ ቁጣ በአንድ መስመር ጻፍ። ሰው ሲነገረው ይገባዋል፤ እኔ ራሴ ሳይነገረኝ ስምንት ወር ተቀይሜሃለሁ።

ደግሞ ስለ ኃላፊዋ የጻፍካትን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እሑድ ዕረፍቷን ብቻዋን ነው የምታሳልፈው? ወንድሜን እንዳውቀው ከሆነ ይህን ጥያቄ ዘለህ ነው የምትመልስልኝ።

እህትህ

ሚያዝያ 12

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው። አንዱን ጥያቄሽን ዘልዬዋለሁ።

ወረቀቱን አነሳሁት። በቦታው «ጆሮዬ አይሰማም። ፊቴን እያያችሁ ንገሩኝ» ብዬ ለጠፍኩ። ለመቀስም ራሴ ነገርኩት፤ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ ለማዳረስ ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

አልደብቅሽም፣ ሦስት ቀን ሰው አልመጣም። ሰው በሩ ላይ ይቆማል፣ ያነባል፣ ያልፋል። የፈራሁት ደረሰ አልኩ። ንጹሑን መፍቻ ደግሜ ደጋግሜ እጠርግ ነበር። መቀስ የራሱን ደህና ማሽን አምጥቶ ተበላሽቶብኛል አለኝ፤ ባዶ እንዳልቀመጥ ብሎ እንደሆነ ገብቶኝ ዘይት አጠጥቼ መለስኩለት።

በአራተኛው ቀን አንዲት የማላውቃት ሴት ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ማሽኗን በጋሪ አስጭና መጣች። በሩ ላይ ያለውን አነበበች፣ ወደ መቀስ ሱቅ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀችው፣ እሱ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ተመልሳ መጥታ ብርሃኑ ላይ ቆመችና ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ነገረችኝ። ማሽኗን ሦስት ሰው አይቶታል፣ አንዱም አላገኘላትም። ፎቅ ላይ የምትሠራ ዘመዷ ናት የላከቻት።

«ያን የማይሰማውን መካኒክ ነው የምፈልገው» አለች። «ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ ብላኛለች። አንተ ነህ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልጠራበት የሸሸሁት ስም ነው። ስትጠራኝ ግን ደረቴ ሰፋ፤ እንዴት እንደሆነ ብጽፍልሽም አልችልበትም። ከኋላዋ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ማሽን ታቅፈው ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ይግቡ። ሁላችሁም ግቡ።»

ወንድምሽ